ጡረተኛው ሯጭና የገና ዕረፍት

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ እንደ ምስክር ቃል አትያዙብኝ። የማስታወስ ችሎታዬ በወጣትነቴም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ የመስከረሙን ወሬ ከኅዳሩ ጋር እያጣበቀ፣ አንዱ የተናገረውን በሌላው አፍ እያስገባ ያቀርብልኛል። ስለዚህ የጨዋታውን ነጥቦች፣ የሳምንቶቹን ቅደም ተከተል፣ ምናልባትም ማን ምን ብሎ እንደሰደበኝ ልሳሳት እችላለሁ። ዘመኑን ግን አልስትም። ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በዓይኑ ብቻ የሚሳሳቅበት ዘመን ነበር። ያን ጊዜ እንዳስታውስ ያደረገኝ ባለፈው ሰሞን ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ ካለ ጎማ ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ የሆነ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ከረባት አስሮ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ይተነትናል። ፊቱን የማውቀው ከራስ ቁር ውስጥ ስለነበር ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ጡረተኛው!» ስል ጮኽሁ። ጎማ የሚያስተካክለው ልጅ ደንግጦ ዞር አለ። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሰው ሳያውቀኝ ከልጄ ጋር አንድ ቀን የሰጠኝ ሰው ነው።

ያኔ የምኖረው እዚያው ጎዳና አጠገብ፣ ሊንደን በሚባለው የአሜሪካ ሰፈር ነበር፤ የምሠራው ደግሞ ሪከንባከር፣ የጭነት አውሮፕላኖች ከሚያርፉበት ሜዳ አጠገብ ከተደረደሩት መጋዘኖች በአንዱ። ጎሕ ሲቀድ ሙሉጌታ በአሮጌ ቫኑ መጥቶ ያነሣኛል። ሙሌ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ የፎርክሊፍቱ፣ ነጂ ነው፤ ምላሱ ከሚነዳው መኪና ይፈጥናል። የቫኑ ማሞቂያ የሚሠራው በሾፌሩ በኩል ብቻ ስለነበር እኔ የሱፍ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያ ከካፖርቴ በላይ አጥልቄ እቀመጣለሁ። ሙሌ የድሮ ዘፈን ይከፍታል፤ ሳክስፎኑ ሲገባ መሪውን ለቅቆ በአየር ላይ ይነፋል፤ እኔ «መንገዱን! መንገዱን!» እላለሁ፤ እንዲህ እያልን ኦቤትስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን እንደርሳለን። ቤንዚን በጋሎን ሦስት ዶላር ገባ ተብሎ ጉድ የተባለበት ጊዜ ነው። አሮጌ መኪና ከአዲስ ይወደድ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ድሮ ሰው እንደ ተራ ነገር ያይ የነበረው የዶሮ ክንፍ፣ ኳስ እያዩ የሚቆረጠመው ያ ክንፍ፣ ዋጋው ከመናሩ የተነሣ ሙሌ በእንግዳ ፊት ቆጥሮ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። እትዬ ዘነበች፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ዕቃ የምትመዘግብ ሴት፣ ከአሮጌ ቀሚስ ጥለት እየቆረጠች ለሁላችንም ጭምብል ሰፍታ ነበር። ከሩቅ ሲያዩን የአንድ ማኅበር ሰዎች እንመስል ነበር።

ደግሞም ማኅበር ነበርን። በእኛ መስመር ስምንት ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ ከመካከላችን ሰባቱ ገናን የምናከብር፣ ስምንተኛው በዲቪ የመጣው ጀማል። ችግራችን ይህ ነው፦ የእኛ ገና የሚውለው አሜሪካውያን ያልወደዱትን የበዓል ስጦታ በሚመልሱበት ሰሞን ነው። ጫማው ጠበበ፣ ማሽኑ አላማረኝም ተብሎ የአገር ካርቶን ተመልሶ በእኛ ላይ ይፈስሳል። ሱፐርቫይዘራችን ደግ ሴት ብትሆንም ለዚያ ቀን ከመስመራችን የምትፈቅደው የአንድ ሰው ዕረፍት ብቻ ነበር። «ማን እንደሆነ እናንተው ተስማሙ» ትለናለች። በየዓመቱ ዕጣ እንጥላለን። በየዓመቱ ለሌላ ሰው ይወጣል። ልጄ ህሊና ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ገናን የዋለችው ከእናቷ ጋር ብቻ ነበር፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተጠራርጎ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ እርሷም ክፍሏ ገብታ አገኛለሁ። በዚያ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ሲያትል ሥራ ይዛ ነበር፤ የምትሄደውም በገና ማግሥት። «ዘንድሮ አብረን እንውላለን» ስላት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ዳዲ፣ ዩ ሴይ ዛት ኤቭሪ ይር» አለችኝ፤ በየዓመቱ ይህንኑ ትላለህ ማለቷ ነው። ክፋት አልነበረውም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረችው። እርሱ ነው ያቃጠለኝ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ሙሌ አዲስ ሐሳብ አመጣ። «ዕጣ የሰነፍ ነው» አለ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት ሜትር ተራርቀን በተቀመጥንበት። «ፋንታሲ እናድርግ። ያሸነፈ ገናን ይረፍ።» ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ ሰው ከእውነተኞቹ የፉትቦል ተጫዋቾች መካከል የራሱን ቡድን በስልኩ ላይ ይመርጣል፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው መውሰድ አይችልም። ተጫዋቾቹ እሑድ ሜዳ ላይ በሮጡት ልክ ለመረጣቸው ሰው ነጥብ ይቆጠራል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዎች በነጥብ ይገጥማሉ። ከሁሉ የሚፈለገው ራኒንግ ባክ የሚባለው፣ ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ በሰው ግድግዳ መካከል የሚሰነጥቀው ሯጭ ነው። አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ በሮጠ ቁጥር አንድ ነጥብ፣ ለእያንዳንዷ ያርድም አንድ አሥረኛ። ጀማል፣ «እኔ ባሸንፍስ? ገና ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ጠየቀ። «ለኢድ ይተላለፍልሃል» ተባለ፤ ረካ። እትዬ ዘነበች ደግሞ፣ «እኔ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ የምጫወተው ለበዓሉ ብዬ አይደለም፤ እንቅልፍ ናፍቆኝ ነው» አለች።

ተጫዋች በመረጥንበት ቀን የተፈጸመውን ስሕተት ግን ከእኛ በቀር ማንም የሚፈጽመው አይመስለኝም። ስልኩ ለእያንዳንዱ ተራ ዘጠና ሰከንድ ይሰጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ ተራዬ ደረሰ፤ አንድ ገና የሚነሣ ወጣት ሯጭ ልወስድ ጣቴን ሳነሣ እትዬ ዘነበች፣ «ወይኔ፣ እሱን እኮ እኔ ነበርኩ ያሰብኩት» አለች።

«እንግዲያው ውሰጂው፤ እኔ ሌላ እፈልጋለሁ» አልኋት።

«ኧረ ጋሽ ተፈራ፣ ተራህ እኮ ነው! አንተ ውሰደው።»

«አይሆንም፣ ካሰብሽው በኋላማ አልወስድብሽም።»

«በሞቴ ውሰደው!»

«እኔ ልሙት አልወስደውም!»

ሙሌ፣ «ሰዎች፣ ሰዓቱ! ጋሼ፣ ፒክ አድርግ! እዚህ የጉርሻ ግብዣ አይደለም!» እያለ ይጮኻል። ስልኩ ጢው አለ። ዘጠናው ሰከንድ አልቆ ማሽኑ በራሱ መርጦልኝ ነበር፤ ከራሱ ዝርዝር ላይ ሁሉም ሰው ሆን ብሎ የዘለለውን ስም አንሥቶ። አንድ ጊዜ ስሙ የገነነ፣ ባለፈው ዓመት ግን ቁርጭምጭሚቱ ታስሮ፣ በየጨዋታው ሁለት ሦስት ያርድ እየሄደ ሲወድቅ የከረመ ሯጭ። ዕድሜው ሠላሳ ሊደፍን ነው፤ በዚያ ሙያ ሠላሳ ማለት ሽበት ነው። ሙሌ ከሣቁ የተነሣ ጭምብሉን አውልቆ ዓይኑን ጠረገበት። «ጋሼ ጡረተኛ ደረሰው!» አለ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። እትዬ ዘነበች በበኩሏ ቀጣዩ ተራ የእርሷ ስለነበር ያንን ወጣት ያለ አንዳች ክርክር ወሰደችው።

ያን ቀን ማታ የህሊናን የድሮ የሂሳብ ደብተር አንሥቼ ተቀመጥሁ። እንዲያው የተማርሁት ስታቲስቲክስ ነው፤ ከተመረቅሁ በኋላ የተጠቀምሁበት ግን ለዚህ ጨዋታ ካልሆነ በቀር ትዝ አይለኝም። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ የወደቀ ሯጭ ሊነሣ እንደሆነና እንዳልሆነ በምን ይታወቃል? መልሱን ያገኘሁት ግን ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከመጋዘኑ ነው። በየጣቢያችን ራስጌ የእያንዳንዳችንን የሰዓት ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ ስንት ዕቃ መዘገብህ ይላል፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንደመጣልህ ግን አይልም። አንድ ሰሞን ከባድ ከባዱ ካርቶን ሁሉ በእኔ መስመር ሲወርድ ቁጥሬ ወርዶ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ፈርሜአለሁ። እጄ ግን ያው የትናንቱ እጅ ነበር። እንግዲህ ሯጩንም በዚሁ ዓይን አየሁት። መጀመሪያ፣ የወደቀው በገዛ እግሩ ድካም ነው ወይስ ከፊቱ ሆነው መንገድ የሚከፍቱለት ወፍራሞቹ ሰዎች ተጎድተው? ቀጥሎ፣ አሠልጣኙ አሁንም ኳሷን ይሰጠዋል? ተስፋ ለቆረጡበት ሰው ኳስ አይሰጡም። መጨረሻም፣ እርሱ እስከ መጨረሻው መስመር አፋፍ እየደረሰ ሌላ ሰው ገብቶ ነጥቡን እየወሰደበት ይሆን? ይህ ችሎታ ሳይሆን ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ ፊቱን አያዞርም። ጡረተኛውን በሦስቱም ፈተንሁት። ቁርጭምጭሚቱ ድኗል፤ ኳሷ አሁንም የእርሱ ናት፤ ከፊቱ ግን ዋናው መንገድ ከፋች ጉልበቱን ታሞ ተኝቷል፤ የሚመለሰውም በጥቅምት መጨረሻ ነው። «ይነሣል» ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁ።

ወሬው ተሰማ፤ በማግሥቱ ሰዎች ደብተሬን ሊያማክሩ ይመጡ ጀመር። የሙሌን ሯጭ «ጣለው» አልሁት፤ መንገዱ ተከፍቶለት፣ ኳሷም ተሰጥቶት፣ ማንም በነካው ቁጥር የሚወድቅ ሰው ስለሆነ። «የእኔን አንበሳ?» ብሎ ተቀየመኝ፤ አንበሳው ያን ዓመት አላገሣም። የጀማልን ግን «ጠብቀው፣ ይነሣል» ብዬው ነበር፤ ጀማል አምኖኝ እስከ ታኅሣሥ ጠበቀ፤ ሰውዬው ከተቀያሪ ወንበር አልተነሣም። «ጋሼ፣ ከወንበሩ ሲነሣ አይቼዋለሁ፣ ውኃ ሊጠጣ!» ይለኝ ነበር ጀማል። በእኔ ቆጠራ ከሦስቱ ሁለቱን አግኝቻለሁ፤ ምናልባት የረሳኋቸው ሌሎች ስሕተቶችም ይኖራሉ።

መስከረምና ጥቅምት መከራ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ግጥሚያዎች አራቱን ተሸነፍሁ። ጡረተኛው ኳሷን ይቀበላል፣ ግድግዳውን ይመታል፣ ይወድቃል። ሙሌ ጠዋት ጠዋት ሳክስፎኑን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ትሬድ እናድርግ። በእሱ ምትክ አንድ ኳስ መቺ ልስጥህ። ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ እኮ ነው» ይለኛል። «መንገድ ከፋቹ ይመለሳል» እላለሁ። «እሱ ሲመለስ ጡረተኛው አበሉን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል!» ልቤ አልወላወለም አልልም። አንድ ማለዳ ስልኬን ከፍቼ የመለወጫውን ምልክት ልነካው ነበር፤ ግን ያ የፈረምሁት ማስጠንቀቂያ ፊቴ ድቅን አለብኝ፤ ዘጋሁት።

ከዚያ አንድ እሑድ ያ ግዙፍ መንገድ ከፋች በጉልበቱ ላይ ብረት አስሮ ወደ ሜዳ ገባ። በዓለም ላይ እንደ እኔ ስሙን የጠራ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እናቱም ብትሆን። በመጀመሪያው ሙከራ በግራ የቆመበትን ሰው እንደ በር ገፋው፤ በተከፈተው ክፍተት ጡረተኛው ሹልክ አለ፤ አንዱ እግሩን ሊይዘው ተወርውሮ ሣር ያዘ፤ ሌላው ከኋላው ተንጠልጥሎ ተጎተተ፤ እርሱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ! ሶፋው ላይ ቆሜ ነበር። ህሊና ሰው የታመመ መስሏት ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ግጥሚያ በግጥሚያ ላይ አሸነፍሁ፤ ህሊናም መጀመሪያ በር ላይ ተደግፋ፣ ቀጥሎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር፤ በኋላም ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ትጽፍ ጀመር። ጾሙ ገባና አንዳንዴ ጨዋታ ለማየት ሙሌ ቤት ስንሰበሰብ የዶሮ ክንፉ ለእኛ ቀረ፤ ጀማል ብቻውን ሰሃኑን ይዞ መካከላችን ተቀምጦ፣ «ዘንድሮ ዋጋው ቢወደድም ድርሻዬ ሰፋ» እያለ አጥንት ይግጣል። ወደ መጨረሻው ከሚያልፉት አራት ሰዎች አራተኛ ሆኜ ገባሁ። ጀማልን አሸነፍሁት። ለፍጻሜው የቀረችው እትዬ ዘነበች ነበረች፤ እኔ የለቀቅሁላት ያ ወጣት ሯጭ ተሸክሟት መጥቶ።

የፍጻሜው እሑድ ከገና አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። የእርሷ ሰዎች ሁሉ ተጫውተው ጨርሰዋል፤ ለእኔ የቀረኝ ከሰዓት በኋላ የሚጫወተው ጡረተኛው ብቻ። ልዩነቱን አሥር ያርድ በአሥር ያርድ ይቆርጠዋል፤ ህሊና በየያርዱ ትደምራለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳስ አቀባዩ ሊያቀብለው ዘወር አለና ኳሷን በጡረተኛው እጅ ላይ ሳይሆን በጭኑ ላይ አጋጫት፤ ኳሷ አመለጠች፤ ጡረተኛው ወደ ኋላ ሮጦ ወደቀባት። በእርሱ ስም ሁለት ያርድ ተቀነሰ። ጨዋታው አበቃ። በአንድ አሥረኛ ነጥብ ተሸነፍሁ። «ዛት ዋዝንት ሂም፣ ዳዲ! የእሱ ጥፋት አይደለም እኮ!» ብላ ህሊና ትራሱን ወረወረችው። በአማርኛ የተቆጣችው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሻንጣዋ ከሳሎኑ ጥግ ቆሞ ነበር።

ሰኞ ለእትዬ ዘነበች አጨበጨብንላት፤ ሱፐርቫይዘራችን ስሟን በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ሞላች። ማክሰኞና ረቡዕ ካርቶን ስመዘግብ ዋልሁ። ሐሙስ ምሳ ላይ ግን ሙሌ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ፣ ፎርክሊፍቱን ሳያጠፋ፣ እየሮጠ መጣ። «ኮሬክሽን! ኮሬክሽን አድርገዋል!» ለካስ የጨዋታው መዝጋቢዎች በሳምንቱ ውስጥ ፊልሙን መልሰው እያዩ የተሳሳተውን ያርማሉ። ያቺ ያመለጠች ኳስ የአቀባዩ ጥፋት ናት ተብሎ ሁለቱ ያርድ ከጡረተኛው ላይ ተነሥቶ ነበር። ሁለት አሥረኛ ተመለሰልኝ፤ በአንድ አሥረኛ በለጥሁ! ጀማል ወንበር ላይ ወጣ። ሙሌ አንገቴን አንቆ ሳመኝ፤ ርቀት ጠብቁ የሚለው ማስታወቂያ ከራሳችን በላይ ተለጥፎ እያለ።

ዞር ስል እትዬ ዘነበች ማንኪያዋን በአየር ላይ እንደያዘች ታየኛለች። «እትዬ፣ ያለቀ ነገር ነው፤ ወረቀቱም ተሞልቷል፤ አንቺ ዕረፊ» አልኋት።

«ልጅህ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ ምን ትቀባጥራለህ? ዘጠና ሰከንድ ነው ያለህ፤ ተቀበል!» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞራ፣ «ሁለት ያርድ ስንት ነው በእኛ?» ብላ ጠየቀች። ሙሌ እጆቹን ዘርግቶ አሳያት። «አያችሁ ጉዱን! ልክ የአልጋ ርዝመት! አልጋዬን ነው ይዞብኝ የሄደው!» የምሳ ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ክንዴን ይዛ፣ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ራሷ ወሰደችኝ።

የገናን ዕለት እንዴት እንደዋልን ዘርዝሬ ባልናገር ይሻላል፤ ትዝታዬ እጅግ አሳምሮ ስለሚያቀርበው አላምነውም። ሌሊቱን ከቅዳሴ ስንመለስ የመኪናው መስኮት ጤዛ ይዞ ነበር፤ ህሊና ነጭ ለብሳ ከፊት ወንበር ላይ አንቀላፋች፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ይህን ነው የማስታውሰው። ከጎማ ቤቱ እንደተመለስሁ ሲያትል ደውዬ እርሷም እንዲሁ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኧረ ዳዲ!» አለች ከሣቋ መካከል፤ «ለሰው ሁሉ ነግረሃል። ለቄሱ እንኳ ሳይቀር!»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የቀረውንም መጠራጠር ጀመርሁ። እትዬ ዘነበች በእርግጥ ፈቃዷን ሰጥታኛለች? ወይስ እኔ ዕጣ ወጥቶልኝ ታሪኩን ከጊዜ በኋላ ሠራሁት? የድሮ ወረቀቶቼን የማስቀምጥበትን ካርቶን አውርጄ ሁለት ቀን ፈለግሁ። የፈቃዱ ወረቀት አለ። «ዘነበች» የሚለው ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዟል፤ ከበላዩ በሱፐርቫይዘራችን እጅ የእኔ ስም ተጽፏል፤ ከመስመሩ አጠገብ የእትዬ ዘነበች ፊርማ አለ፤ ቀኑም ሐሙስ ነው።